የጋራው ጓጉንቸር፦ የምስጠራ ኮድ የሁሉም የሆነበት መንገድ

ማርች 31 ቀን 1998 የኔትስኬፕ ኩባንያ የብራውዘሩን ኮድ ለዓለም ሁሉ ለቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ለብዙ ሰው ኢንተርኔት ማለት ኔትስኬፕ የነበረበት ጊዜ ገና አላለፈም ነበርና፣ እንዲህ ያለ ድርጅት የዕቃውን ውስጥ ገልጦ "ውሰዱ፣ አሻሽሉ" ማለቱ ትልቅ ወሬ ሆነ። የተለቀቀው ኮድ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ጓጉንቸሩ ተነቅሏል። የይለፍ ቃልንና የባንክ ካርድ ቁጥርን ከመንገድ ላይ ሰላይ የሚሰውረው የምስጠራ ክፍል ተለቅሞ ወጥቶ ቦታው ባዶውን ቀርቷል። የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ ምስጠራ ያለ ልዩ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር።

አንድ ቀን ሳይሞላ ከአውስትራሊያ ምላሽ መጣ። ጥቂት ፕሮግራመሮች በእጃቸው የነበረውን የምስጠራ ላይብረሪ በተነቀለው ቦታ ገጠሙበትና ሙሉ ጥንካሬ ያለው ብራውዘር አድርገው "ክሪፕቶዚላ" በሚል ስም ለቀቁት። የአሜሪካ ሕግ እዚያ አይሠራም። እኔን የሚያስደንቀኝ ከፍጥነታቸው ይልቅ ላይብረሪው ቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሁለት ሰዎች ጽፈው ለፈለገ ሁሉ አስቀምጠውታል።

ላይብረሪ ስል መጽሐፍ የሚነበብበትን ቤት ማለቴ አይደለም። ፕሮግራመሮች በዚህ ስም የሚጠሩት፣ አንዴ ተጽፎ ሌሎች ፕሮግራሞች ሥራ ሲያስፈልጋቸው የሚጠሩትን የኮድ ስብስብ ነው። የባንክ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው የምስጠራውን ሒሳብ ከዜሮ ተነስቶ አይጽፍም፤ ላይብረሪውን ይጠራል። ደግሞም መጻፍ የለበትም። በምስጠራ ሥራ ውስጥ ትንሿ ስህተት አትጮህም፤ ፕሮግራሙ እንደወትሮው ይሠራል፣ መልእክቱ ይላካል፣ ይደርሳል። በሩ ክፍት መሆኑ የሚታወቀው ሌባው ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ዓይን ያየው አንድ የጋራ ላይብረሪ፣ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከሚያበጀው አንድ ሺህ ጓጉንቸር ይሻላል፤ ቢያንስ ተስፋው ይህ ነው። ተስፋው የት የት እንደጸና፣ የት የት እንደከዳ ማየት የዚህ ቅኝት ሐሳብ ነው።

ምስጢር ጠባቂ ነገር እንዴት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይጻፋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1883 አውጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ በሆላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚኖር የቋንቋ መምህር፣ በአንድ የፈረንሳይ ወታደራዊ መጽሔት ላይ መልሱን አስቀምጦታል፦ የምስጠራ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ችግር መፍጠር የለበትም፣ ምስጢር መሆን ያለበት መክፈቻው ብቻ ነው። መርካቶ ውስጥ የሚሸጥ ጓጉንቸር እንዴት እንደተሠራ ፈትቶ ማየት የሚችል ሰው ሞልቷል። የእርስዎን ቤት የሚከፍተው ግን በኪስዎ ያለው መክፈቻ ነው። አሠራሩ ካልታወቀ ብቻ የሚያስተማምን ቁልፍ ቀድሞውኑ የሚያስተማምን አልነበረም።

ለረጅም ዘመን የቀረው ችግር መክፈቻውን ማድረስ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰውና ጅዳ ያለ ሰው በምስጢር ሊጻጻፉ ቢፈልጉ፣ አስቀድመው አንድ መክፈቻ መካፈል አለባቸው፤ መክፈቻውን ራሱን በማን እጅ ይላኩት? በ1976 ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መንገዱን አሳተሙ። በዓመቱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን በስማቸው መነሻ ፊደላት አርኤስኤ የተባለውን ዘዴ ደረሱበት። ነገሩን በቀላሉ ለመናገር፣ ጓጉንቸርህን ለዓለም ሁሉ ታድላለህ፣ መክፈቻውን ግን ለማንም አትሰጥም። ሊጽፍልህ የፈለገ ሁሉ ሣጥኑን በአንተ ጓጉንቸር ቆልፎ ይልክልሃል፤ ቆልፎ የላከው ሰው ራሱ እንኳ መልሶ ሊከፍተው አይችልም።

ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሌላ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ የመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጄምስ ኤሊስ በ1970 ሐሳቡን አፍልቆት ነበር፤ ክሊፎርድ ኮክስ በ1973፣ ማልኮልም ዊሊያምሰን በ1974 በሒሳብ አሟልተውታል። ሦስቱም ከአሜሪካውያኑ ቀድመዋል። ወረቀታቸው ግን በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ተቆልፎ እስከ 1997 ማብቂያ ቆየ። ኤሊስ ሥራው ይፋ ሊሆን ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሞተ። ዓለም ዛሬ ገንዘብ የሚልክበትና ደብዳቤ የሚጻጻፍበት መንገድ የተሠራው በመሳቢያው ግኝት ላይ ሳይሆን ማንም አንብቦ ሊሞግተው በቻለው ላይ ነው። ቀድሞ ያወቀና ለሌላው ያሳወቀ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማሳወቁ ግን ዋጋ ነበረው። በአሜሪካ ሕግ ምስጠራ ከጦር መሣሪያ ጋር ተመዝግቦ ነበር፤ ከታንክና ከሮኬት ጋር በአንድ ዝርዝር። ፊል ዚመርማን የተባለ የፀረ ኑክሌር ንቅናቄ ሰው በ1991 ፒጂፒ የሚባል የኢሜይል ምስጠራ ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ለቀቀ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ድንበር ሲሻገር፣ ጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ልኳል በሚል ለሦስት ዓመት ያህል ምርመራ ተከፈተበት፤ በጃንዋሪ 1996 ያለ ክስ ተዘጋ። በመካከሉ ግን አንድ ብልሃት ተገኝቷል። ኮድ በዲስክ ቢሻገር ጦር መሣሪያ ነው፤ በመጽሐፍ ታትሞ ቢሻገርስ? መጽሐፍን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይጠብቀዋል። የማሳቹሴትሱ ተቋም ማተሚያ ቤት በ1995 የፒጂፒን ኮድ በመጽሐፍ አሳተመው። ከሁለት ዓመት በኋላም የአዲሱ እትም ኮድ፣ ከ6,000 ገጽ በላይ፣ በሕጋዊ መንገድ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ በስካነር እያነበቡ፣ የተሳሳተውን ፊደል እያረሙ መልሰው ኮድ አደረጉት። የእኛ አገር ገበሬ ደቦ የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ ብቻውን ዓመት የሚፈጅበትን ማሳ ብዙዎች ተሰብስበው ይጨርሱታል።

በዚያው ሰሞን ዳንኤል በርንስታይን የተባለ የበርክሌይ ተማሪ የጻፈውን የምስጠራ ዘዴ ለማሳተም የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ሲነገረው፣ በ1995 መንግሥትን ከሰሰ። ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል በ1996 የፕሮግራም ኮድ ንግግር ነው፣ የመናገር ነፃነት ይጠብቀዋል ብለው ወሰኑ። የይግባኝ ችሎትም በ1999 ከእርሱ ጎን ቆመ። ይህን ሰው አንባቢ ያስታውስልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሕጉ ለውጭ አገር ሰው የፈቀደው 40 ቢት መክፈቻ ያለውን ደካማ ጓጉንቸር ነበር። የኔትስኬፕ ብራውዘር ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጥ ነበር፦ ለአሜሪካውያን 128 ቢት፣ ለቀረነው 40 ቢት። በኦገስት 1995 ዳሚየን ዶሊዤ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ 120 ያህል ኮምፒውተሮችን አሰማርቶ ያንን ደካማ ጓጉንቸር በስምንት ቀን ሰበረው። ለሌላው ዓለም ይበቃል የተባለው ጥበቃ እድሜው ስምንት ቀን ሆነ። ብራውዘሩ ከድረ ገጾች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚቆልፍበትን ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ)፣ ኤስኤስኤልን፣ በዋና ሳይንቲስትነት የመራው ታኸር ኤልጋማል የካይሮ ተወላጅ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት እወዳለሁ። በአህጉራችን ደቡብ ጫፍም ማርክ ሻትልወርዝ በ1995 ታውት የሚባል የዲጂታል ምስክር ወረቀት ድርጅት አቋቁሞ በ1999 በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በኋላ ኡቡንቱ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያስጀመረው ይኸው ሰው ነው።

ወደ አውስትራሊያዎቹ እንመለስ። ኤሪክ ያንግ እና ቲም ሃድሰን በ1995 የኔትስኬፕን ፕሮቶኮል ከወረቀቱ አንብበው በራሳቸው ኮድ ጻፉት። ስሙም ኤስኤስኤል-ኢኤዋይ ተባለ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት የያንግ ስም መነሻ ናቸው። ሁለቱ በ1998 ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ ኮዱ ባለቤት አጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አብዛኛዎቹ አውሮፓውያን የሆኑ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች አንስተው ኦፕንኤስኤስኤል ብለው ሰየሙት። በጃንዋሪ 2000 የአሜሪካ መንግሥት ደንቡን አላልቶ፣ ለሕዝብ የተገለጠ የምስጠራ ኮድ በማሳወቅ ብቻ እንዲወጣ ፈቀደ። በሴፕቴምበር 6 ቀን ደግሞ አርኤስኤ ኩባንያ ፓተንቱ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘዴውን ለሕዝብ ለቀቀ። ለረጅም ጊዜ የቆየ ሁለት አጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ኦፕንኤስኤስኤልም በዓለም ዙሪያ በድረ ገጽ ሰርቨሮች ላይ በፀጥታ ተሰራጨ።

በዚህ መካከል የሆነ አንድ ስጦታ በታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይነሳም፤ እኔ ግን ልቆይበት እፈልጋለሁ። በሴፕቴምበር 2002 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ፣ በላብራቶሪው የተጻፈ ሙሉ የኤሊፕቲክ ከርቭ ምስጠራ ላይብረሪ ለኦፕንኤስኤስኤል ማኅበረሰብ አበረከተ። ኤሊፕቲክ ከርቭ በ1985 ኒል ኮብሊትዝ እና ቪክተር ሚለር እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ያቀረቡት ሒሳብ ነው። ጥቅሙ በመክፈቻው ማነስ ይታያል። የአርኤስኤ መክፈቻ 3,072 ቢት ሲሆን የሚሰጠውን ጥንካሬ ይህ በ256 ቢት ይሰጣል። ለትልቅ ሰርቨር ልዩነቱ ወጪ ነው፤ በደካማ ባትሪና በቀጭን ኔትወርክ ለሚሠራ ትንሽ ስልክ ግን የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነው። ዛሬ በገጠር ከተማ በደካማ ኔትወርክ ላይ የሚከፈት ገጽ ተቆልፎ መምጣት ከቻለ፣ ይህች አጭር መክፈቻ ትልቅ ድርሻ አላት።

ስጦታው ባዶ እጁን አልመጣም። የኤሊፕቲክ ከርቭ ሜዳ በፓተንት ክርክር የተከበበ ስለነበር ሰን ከኮዱ ጋር የቃል ኪዳን ጽሑፍ አያያዘ፦ እናንተ በፓተንት ካልከሰሳችሁኝ እኔም አልከሳችሁም የሚል ይዘት ያለው። ሁሉም አልወደደውም። ኮድን በነፃ ስጥ ማለት ቅድመ ሁኔታ አትጨምርበት ማለት ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ እኔም ወደ እነርሱ አደላለሁ። ምንጭ ቆፍሮ ለመንደሩ የሰጠ ሰው ከበሩ ላይ ውል ይዞ አይቆምም። ሆኖም ኩባንያው በዚያ ዘመን የነበረበትን የክስ ፍርሃት ሳስበው ቃል ኪዳኑ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም።

ከስጦታው ቀን በኋላ የሆነው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ክፍል ነው። አንድ ላይብረሪ ሲበረከት ኮዱ በቀጥታ ገብቶ አይቀመጥም። ነባሮቹ ጠባቂዎች ያነቡታል፤ በብዙ ዓይነት ማሽን ላይ ይሞክሩታል፤ ከቆየው ኮድ ጋር ያስማሙታል፤ አንዳንዱን ይመልሱታል። የሰን ስጦታ በኦፕንኤስኤስኤል መደበኛ እትም ውስጥ ሆኖ ለሕዝብ የደረሰው በጁላይ 2005፣ በ0.9.8 እትም ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከፋይሎቹ አናት ላይ የጸሐፊዎቹ ስም ተጽፎ ነበር፦ ሺዩሊንግ ቻንግ ሻንትዝ እና ዳግላስ ስቴቢላ። ሁለተኛውን ስም አንባቢ ይያዝልኝ።

ኦፕን ሶርስ የሚለውን እኛ "ክፍት ምንጭ" ብለን ስንተረጉም አማርኛ ያላሰብነውን ነገር ጨምሮልናል። ምንጭ የነገር መነሻ ብቻ አይደለም፤ የሚቀዳበትም ነው። ምንጭ ያለው መንደር የሚያውቀው ነገር አለ፦ ክረምት ሲወጣ ደለሉ ይጠረጋል፣ ከብት እንዳይገባበት ይታጠራል፣ ለዚህም ተራ ይወጣል። ኦፕንኤስኤስኤልን ዓለም ሁሉ ይቀዳው ነበር። ተራ የወጣለት ሰው ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ድፍርስ በ2006 ገባ፤ የታየው በ2008 ነው። ደቢያን ከተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጠባቂዎች አንዱ፣ የስህተት መፈለጊያ መሣሪያው ያስጠነቀቀውን ኮድ ለማጽዳት ሁለት መስመር ዘጋ። የዘጋው ግን መክፈቻ የሚፈጠርበትን የዘፈቀደ ቁጥር የሚመግበውን መስመር ነበር። መክፈቻ የሚያስተማምነው ማንም ሊገምተው ከማይችል ብዛት መካከል በዕጣ ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ለዕጣው የቀረለት የፕሮግራሙ ተራ ቁጥር ብቻ ሆነ። ለእያንዳንዱ ዓይነትና መጠን ሊፈጠር የሚችለው መክፈቻም 32,768 ብቻ። በአንድ ተራ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ሁሉንም አስቀድሞ መፍጠር ይቻላል። ለሁለት ዓመት ያህል ሰርቨሮች በእነዚህ መክፈቻዎች ሲጠበቁ ኖሩ። ቀና ሰው፣ ቀና ሐሳብ፣ ሁለት መስመር። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን አልችልም፤ ሰውየው ከመዝጋቱ በፊት በኦፕንኤስኤስኤል ወገን ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄውን በደንብ ያየለት አልነበረም።

ሁለተኛው ድፍርስ ዓለምን ያስደነገጠው ሃርትብሊድ ነው። ኤፕሪል 7 ቀን 2014፣ በእኛ መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። አሠራሩን በአማርኛ ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነታቸው እንዳልተቋረጠ ለማወቅ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንዱ "አለህ? ካለህ ባለ 3 ፊደሉን 'ሰላም' መልስልኝ" ይላል፤ ሌላው "ሰላም" ብሎ ይመልሳል። ኮዱ የተነገረውን ብዛት ከእውነተኛው ቃል ጋር ሳያመሳክር ያምናል። ተንኮለኛ መጥቶ "64,000 ፊደል ያለውን 'ሰላም' መልስልኝ" ቢል፣ ሰርቨሩ "ሰላም" ብሎ ይጀምርና ቀሪውን በማኅደረ ትውስታው ውስጥ አጠገቡ ካገኘው ሁሉ እየቀዳ ይሰጠዋል፦ የይለፍ ቃል፣ ደብዳቤ፣ የመክፈቻው ራሱ ቁጥር። ሰርቨሩ የተዘረፈ መሆኑን የሚመዘግብበት ቦታም አልነበረም። ስህተቱ የገባው በ2011 የመጨረሻ ቀን ማታ ነው፤ ለሕዝብ የደረሰው በማርች 2012። በካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት ብቻ የ900 ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተወሰደ።

ከዚያ በኋላ ሰው የምንጩን ጠባቂዎች ለማየት ሄደ። ያገኘው አሳዛኝ ነበር። የዓለም ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና መንግሥታት የተማመኑበት፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን መስመር የሚጠጋ ኮድ፣ በሙሉ ጊዜው የሚሠራበት አንድ ሰው ነበር። ፕሮጀክቱ በልገሳ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ። ብዙ ቢሊዮን የሚያተርፉ ድርጅቶች ከምንጩ ሲቀዱ አንድም ቀን አካፋ ይዘው አልመጡም። ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሃርትብሊድ በወጣ በ18ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እና በማግስቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዞን 9 በሚል ስም የሚጽፉ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሐምሌ በፀረ ሽብር አዋጁ ሲከሰሱ በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ፣ "ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ" በሚባል የኢንተርኔት ደህንነት ሥልጠና ተሳትፈዋል የሚል ነበር። ይህ ሥልጠና ማንም በነፃ የሚያገኘው ነው፤ መሣሪያዎቹም እንዲህ በግልጽ የተጻፉ የምስጠራ ፕሮግራሞች ናቸው። ከዓመት በኋላ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። አሜሪካ ለሕዝብ የተገለጠ የምስጠራ ኮድ በማሳወቅ ብቻ እንዲወጣ ከፈቀደች አሥራ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እኛ ዘንድ ጓጉንቸር መያዝ የሽብር ምልክት ተደርጎ ይነበብ ነበር። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012 አጋማሽ፣ በኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ ቶር የሚባለው የማንነት መሰወሪያ ፕሮግራም ተዘግቷል። ቶር በዚያን ጊዜ የሚቆለፈው በኦፕንኤስኤስኤል ነበር። ዘጊዎቹ ቁልፉን መስበር አላስፈለጋቸውም፤ ኮምፒውተሮቹ ሲገናኙ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ ሰላምታ ቅርፅ ለይቶ ማወቅ በቂ ሆኗል።

ከሃርትብሊድ በኋላ ጥገናው በፍጥነት ተጀመረ። በዚያው ወር ትልልቆቹ ድርጅቶች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ፤ ኦፕንኤስኤስኤል የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አገኘ። በካናዳ የሚመራው የኦፕንቢኤስዲ ቡድን ኮዱን ለብቻው ወስዶ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 90,000 መስመር አውጥቶ ጣለና ሊብሬኤስኤስኤል አለው። ጉግል የራሱን ቅርንጫፍ አወጣ። ያ የጠቀስኩት በርንስታይን ደግሞ አስቀድሞ ከታንያ ላንገ እና ፒተር ሽቫበ ጋር ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ተጠቃሚው ብዙ ምርጫ ስለማይሰጠው ብዙም የማይሳሳትበት፣ በጨው ኬሚካላዊ ምልክት የተጠራ ትንሽ ላይብረሪ። ፕሮግራመርን ከሃያ ቁልፍ መካከል ምረጥ ማለት ደካማውን እንዲመርጥ መንገድ መክፈት መሆኑን የተረዱ ሰዎች ሥራ ነው፤ ከሁሉም የእኔን ልብ የወሰደው ይህ ነው።

የሚበረከት ሁሉ ግን ስጦታ አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2006 ካጸደቃቸው የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫዎች አንዱ፣ የሚነሳባቸውን ቋሚ ቁጥሮች የመረጠ ሰው የሚያውቀው የጓሮ በር ሊኖረው እንደሚችል ሁለት ተመራማሪዎች በ2007 አሳይተዋል። የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ይፋ ካወጡት የስኖውደን ሰነዶች በኋላ ጥርጣሬው ተጠናክሮ በ2014 ተሰረዘ። ይኸው ማመንጫ ወደ ኦፕንኤስኤስኤል የገባው ገንዘብ ከፍሎ እንዲገባ ባደረገ ደንበኛ ጥያቄ ነበር። በ2013 ሲመረመር ግን ኮዱ ውስጥ በነበረ ስህተት ምክንያት ጨርሶ አይሠራም ነበር፤ ለዓመታት ማንም እንዳልተጠቀመበት በዚህ ታወቀ። በ2024 የታየው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ፣ ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ አካል ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እያበረከተ፣ የደከመውን ጠባቂ እያገዘ፣ አመኔታ አገኘ፤ ከዚያም የሰርቨሮችን መግቢያ የሚከፍት መርዝ ጨመረበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! ብቻውን የደከመ ጠባቂ ለሌባም ቀላል ነው፤ እርዳታ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?

ዛሬ ይህ ሁሉ በኪሳችን ነው። ከ2016 ጀምሮ ዋትስአፕ መልእክቶችን የሚቆልፈው ሲግናል በተባለው፣ ማንም በሚያነበው ፕሮቶኮል ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ወሎ ላለች እናቷ የድምፅ መልእክት ስትልክ፣ ድምጿ ከስልኳ ሳይወጣ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው እናቷ ስልክ ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት በቴሌግራም ግን ተራው ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም። ተቆልፎ የሚሄደው "ሚስጥራዊ ውይይት" ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው በዙሪያዬ እምብዛም አላገኘሁም፤ ላላወቀው መንገር ተገቢ ነው።

የሚቀጥለው ሥራ ተጀምሯል። ፒተር ሾር በ1994 እንዳሳየው፣ በቂ ኃይል ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ አርኤስኤም ኤሊፕቲክ ከርቭም ይከፈታሉ። ኮምፒውተሩ ገና የለም። የተቆለፈ መልእክትን ዛሬ ጠልፎ አስቀምጦ ያንን ቀን መጠበቅ ግን ማንም ይችላል። የልጅቷ ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ጠላትንም መቋቋም አለበት። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በኦገስት 2024 ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አወጣ፤ ኦፕንኤስኤስኤልም በኤፕሪል 2025 በ3.5 እትሙ አስገባቸው። አዲሱ ጓጉንቸር ከባድ ነው፤ በኤሊፕቲክ ከርቭ 32 ባይት የነበረው፣ ለዓለም ሁሉ የሚታደለው ጓጉንቸር በአዲሱ 1,184 ባይት ሆኗል።

ደረጃዎቹ ከመጽደቃቸው ከዓመታት በፊት እነዚህን ዘዴዎች መሞከር የፈለገ ፕሮግራመር የሚጠራው አንድ ክፍት ላይብረሪ ነበር፤ ሊብኦኪውኤስ ይባላል። ከመሪዎቹ አንዱ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ዳግላስ ስቴቢላ ነው። በ2002 በሰን ስጦታ ፋይሎች አናት ላይ ስሙ የተጻፈው ያው ሰው። ሰንን በ2010 ኦራክል ገዛው፤ ስሙም ከገበያ ጠፋ። የስጦታው ኮድ ግን እየታደሰ፣ እየተነበበ፣ 2002 የሚለውን ዓመት አናቱ ላይ እንደያዘ በኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ይገኛል።